ስም የሚያድርበት

ይህ የሆነው በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ዛሬ እግራችሁ ሥር የሚድኹት ልጆች አያት በሚሆኑበት ዘመን። ቦታው ቦርከና ዳር ነው። ወንዙ ያኔም አለ፤ ቀለሙ ግን እንደ ቀኑ ነበር። ማቅለሚያ ቤቱ ሰማያዊ ሲነክር ሰማያዊ፣ ቀይ ሲነክር ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ልጆች ቀኑን የሚለዩት በወንዙ ነበር፤ ዛሬ ቀዩ ነው፣ ነገ ጥቁሩ ነው ይባባላሉ።

እንድሪስ ይመር በየማለዳው ከቤቱ ሲወጣ ቀና ብሎ የሚያየው ሰማዩን አልነበረም፤ ድልድዩ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ነው። እሱ ብቻም አይደለም፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው። ሰሌዳው ላይ የከተማው ሥራዎች በተርታ ተጽፈዋል፤ በየሥራው ከመቶ ሠራተኛ ስንቱ እንደ ቆሰለ፣ ስንቱ እንደ ታመመ። ሲሚንቶ ዜሮ ነጥብ ሦስት። ቆዳ ዜሮ ነጥብ አራት። ስፌት ዜሮ ነጥብ አንድ። ማቅለሚያ ዜሮ ነጥብ ዜሮ። ከሁሉ በታች «ልዩ ልዩ» የሚል መስመር አለ፤ አሥራ ሰባት ነጥብ ሁለት። ይህ ልዩ ልዩ የሚባለው ሥራ የት እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው የለም። በር የለው፣ ጭስ የለው፣ ጡሩምባ የለው። ሰው ከላይ ያሉትን አይቶ ያልፋል።

ሰሌዳው የሚታየው እንዲያው ለማወቅ አይደለም። ውኃ የሚመጣው በሰሌዳው ነው። የሰፈሩ ሰው አብዛኛው ማቅለሚያ ቤት ስለሚሠራ ቧንቧው የታሰረው ከማቅለሚያ ቤቱ ቁጥር ጋር ነበር። ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ ከዋለ ቧንቧው ጠዋትና ማታ ይከፈታል። አንድ ሰው ከተቆጠረ ግን አርባ ቀን ይዘጋል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጨርቅ ዘፍዛፊ እጁ መኪና ውስጥ ተጠቅልሎበት ተቆጠረ። ሰፈሩ አርባ ቀን ከወንዙ ጠጣ፤ ሰባት ሕፃን ቀበረ። ያ ሰው እጁ ድኖ ሲወጣ ሰላምታ የሚሰጠው አጥቶ ከተማውን ለቆ ሄደ።

ደግሞ አንድ ሕግ ነበር። ጉዳት የሚቆጠረው ሰው በቆሰለበት አይደለም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ስሙ ባደረበት ነው። የተጎዳ ሰው ከመጥለቋ በፊት አውራ ጣቱን አሻራ በሚያነብ የመዝገብ መስታወት ላይ ካሳረፈ ስሙ ወደ ልዩ ልዩ ይዛወራል። ማቅለሚያ ቤቱ ዜሮ እንደ ሆነ ያድራል፣ ቧንቧውም ይከፈታል። ማንም አያስገድድም። ብትጠይቋቸው መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ይህንን ነው፤ ማንም አያስገድድም።

እንድሪስ የማቅለሚያ ቤቱ ጡረተኛ፣ የሰፈሩ ቅሬም ዳኛ ነበር። ቅሬ ማለት ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል ሰፈርተኛው ተሰብስቦ የታመመውን የሚጠይቅበት፣ የሞተውን የሚቀብርበት ማኅበር ነው፤ ከጥንት የነበረ ነው፣ በዚያም ዘመን አልቀረም። አንድ ነገር ብቻ ተጨምሮበታል። የታመመ ሊጠይቁ ሲሄዱ መስታወቱን ይዘው ይሄዳሉ። ቀድሞ የሚገባው ዳኛው ነው። ከራስጌ ይቀመጣል፣ ትኩሳት እንዳለ በእጁ ጀርባ ያያል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዲት ቃል ይናገራል፤ «ሥጋህን እኛ እንጠብቃለን፤ ስምህን ግን ዛሬ ሌላ ቦታ አሳድረው።» ይህን ቃል አርባ አንድ ጊዜ ተናግሯል። አርባ አንዱም እሺ ብለውታል። እውነትም ሥጋቸውን ጠብቀዋል፤ አጥሚት በየተራ ይመጣል፣ ልብሳቸው ይታጠባል፣ ልጆቻቸው በጎረቤት ያድራሉ። ከአርባ አንዱ አሥራ ሰባቱ ሞተዋል።

ቅሬው ደግሞ ከአያቶች የወረሰው ደብተር አለው፤ የወረቀት ደብተር። የታመመ በተጠየቀ ቁጥር ጸሐፊው ስሙን፣ ቀኑን፣ የመታውን ነገር ይጽፋል። በዓመቱ ስብሰባ ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ ለእያንዳንዱ በስሙና በደረሰበት ነገር ሼሁ ዱዓ፣ ቄሱ ጸሎት ያደርጋሉ። በሐሰት ዱዓ ስለማይደረግ ደብተሩ ውስጥ ልዩ ልዩ የሚል ቃል የለም። ማቅለሚያ፣ ሁለተኛ ጋን፣ እንፋሎት። ማቅለሚያ፣ ዱቄት መጋዘን፣ ሳል። እንደዚህ እየተባለ ነው የተጻፈ።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ፣ ወንዙ ቀይ በዋለበት ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለት ሴቶች የእንድሪስን ልጅ ሰዓዳን ደግፈው አመጧት። መደቡ ላይ አስተኟት፤ ማቅለሚያ ቤቱ እጃቸው ላይ ያሰረው አምባር ደቂቃ እየቆጠረባቸው ስለሆነ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ሮጠው ተመለሱ። አንዷ ከበሩ ዞር ብላ የሦስተኛው ጋን ክዳን ነው አለች፣ ተፈናጥሮ እንፋሎቱን ፊት ለፊት ነው የማገችው።

ሰዓዳ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ጨዋታ አዋቂ ነበረች፤ አባቷ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ሰሌዳውን ሲያነብ ከኋላው ሆና በሱው ድምፅ እየቀደመችው ታነባለች። አሁን ድምፅ የላትም። የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ስትስል መሐረቡ ላይ የዛገ ብረት የመሰለ ነገር ይቀራል። ቀኝ እጇ መዳፉ ተልጧል።

ማቅለሚያ ቤቱ ክሊኒክ ነበረው። አሥራ ሁለት አልጋ፣ ሳንባ የሚያጥብ መሣሪያ፣ ቀን ከሌት የሚቆሙ ነርሶች። ለተቆጠረ ሠራተኛ ነው። ለልዩ ልዩ የሳል ሽሮፕ ይሰጣል። እንድሪስ ይህንን ያውቃል፤ አርባ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አውቆታል። ልጁን ትራስ እያደላደለላት የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬ አልልም፣ ስሟ ከቆሰለችበት ይደር፣ ነገ ጠዋት ከአሥራ ሁለቱ አልጋ አንዱ ላይ ትተኛ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅሬው መጣ። ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ከፊት ገብረየስ፣ የቅሬው ጸሐፊ፣ የእንድሪስ የሠላሳ ዓመት ባልንጀራ። አጥሚት በጆግ ይዘዋል። መስታወቱ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሏል። እግዜር ይማርሽ፣ አላህ ያሽርሽ ብለው ተራ በተራ ግንባሯን ነክተው በየቦታቸው ተቀመጡ። ከራስጌ ያለችውን በርጩማ ማንም አልነካትም። የዳኛው ናት። እንድሪስ ግን ከግርጌ፣ ከቤተሰብ ቦታ ተቀምጧል።

ከግድግዳው ማዶ የጎረቤታቸው የዘነቡ መንታዎች ያለቅሳሉ፤ ከተወለዱ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። ስለ ዘነቡ ማንም አላነሳም። ማንሳትም አላስፈለገ፤ ሁሉም ይሰማል።

ገብረየስ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተወው። ያቺን ቃል ሌላ ሰው ተናግሯት አያውቅም።

«አባ» አለች ሰዓዳ በዚያ በትንፋሿ። «ቃልህን ለእኔም በለኛ።»

«ላንቺ አይወጣኝም» አላት።

«እንግዲያው እኔ ልበላት።» ድምፅ ባይኖራትም የአባቷን አንገት አቀርቅሮ መናገር አልረሳችም፤ ቅንድቧን እንደ እሱ ሰብሰብ አደረገች። «ሥጋሽን እኛ እንጠብቃለን…» አለች። ሴቶቹ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እሷ ግን እስከ መጨረሻው አለቻት፤ ከዚያ ግራ እጇን ዘረጋች።

ገብረየስ ፎጣውን ገለጠ። መስታወቱ አውራ ጣቷን አልተቀበለም፤ በላብ ርሷል። ሁለተኛ ሞከሩ፣ አልተቀበለም። እንድሪስ ምን እንደ ነካው እስከ ዕለተ ሞቱ አልገባውም፤ ከግርጌ ተነሥቶ ጣቷን በኩታው ጫፍ ጠረገላት። ሦስተኛው ላይ መስታወቱ አረንጓዴ ሆነ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ጠለቀች። ሰሌዳው ማቅለሚያ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አለ። ቧንቧው ተከፈተ፤ በየግቢው ባልዲ ሲንኳኳ ተሰማ።

በአራተኛው ቀን ሰዓዳ መተኛት አቃታት። ጋደም ስትል የምትሰጥም ስለሚመስላት ቁጭ ብላ ነው የምታሸልበው። እንድሪስ ከጀርባዋ ተቀምጦ እየደገፋት ለዳኞች የተሰጠውን የደንብ መጽሐፍ አወጣ። ማንበብ ይከብደዋል፤ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንድ አንቀጽ አገኘ። ማኅተም ያለው ማኅበር ጉዳቱ የት እንደ ደረሰ በሰባት ቀን ውስጥ ጽፎ የያዘውን ካስመዘገበ፣ ስሙ ወደ ቦታው ይመለሳል ይላል። ደጋግሞ አነበበው። በጽሑፍ የያዘ ማን አለ? ሰው ሁሉ በቃል ነው የሚያወራው። የቅሬው ደብተር ግን አለ።

ደብተሩም ማኅተሙም ያሉት በገብረየስ እጅ ነው፤ ከድንኳኑና ከአካፋዎቹ ጋር፣ በቅሬው ዕቃ ቤት። እንድሪስ ሲደርስ ገብረየስ የድንኳን ካስማ እየቆጠረ ነበር። እንድሪስ ያሰበውን ሁሉ ነገረው። ገብረየስ ካስማውን አስቀመጠ።

«ለእኛ ሲሆን ውኃው በለጠ፤ ላንተ ሲሆን ሳንባው በለጠ?» አለው።

የገብረየስ ልጅ ታምራት ከአርባ አንዱ ዘጠነኛው ነበር። ከአሥራ ሰባቱም አንዱ ነው። እንድሪስ የልጁ ራስጌ ተቀምጦ ያቺን ቃል ሲናገር ገብረየስ ከግርጌ ነበር። እንድሪስ ቆመ እንጂ አልሄደም።

ገብረየስ ከመደርደሪያው የብስኩት ቆርቆሮ አወረደ፤ ማኅተሙ እዚያ ውስጥ ነው። ደብተሩን በላዩ አድርጎ ሰጠው። «የታምራትም ገጽ አለበት» አለ። «አንዲቱን ገጽ ቀደህ እንዳትወስድ። ሙሉውን አድርገህ ውሰድ፤ እሱም ይቆጠር።»

ስለ ውኃው ተነጋገሩ። ቁጥሩ መውጣቱ አይቀርም፣ ቧንቧውም መዘጋቱ አይቀርም። ገብረየስ ዛሬና ነገ ያለው ዕቃ ሁሉ ይሙላ፣ የተሞላው ለአራሶችና ለሕፃናት ብቻ ይሁን፣ ትልልቁ ሰው አፍልቶ ይጠጣ አለ። ሰፈሩ የሰማው በዚያው ቀን ነው። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ይበልጡ ግን ዝም ብሎ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ። ከብዙው ቤት አንድ ገጽ እዚያ ደብተር ውስጥ አለ።

እንድሪስ ደብተሩን ይዞ የሄደበት የጉዳት ልኬት ጽሕፈት ቤት ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ ቤት ነው። የተቀበለችው ብሩክታዊት የምትባል ልጅ ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችው፣ አባባ አለችው። ደብተሩን ስታይ ገጹን በጣቷ ዳሰሰችው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ነክታ አታውቅም መሰለ። አንድ ባንድ ለመስታወቷ አሳየችው። የማቅለሚያ ቤት ጉዳት የተጻፈበት አርባ ሁለት ገጽ ነው፤ የመጨረሻው የሰዓዳ ነው። ማኅተሙን ጠየቀችው፣ በየገጹ መታ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይናቃል ብሎ እንዳይደበዝዝ ጠበቅ አድርጎ ነው የመታው።

ልጅቱ ማኅበሩ ሥራው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። የታመመ እንጠይቃለን፣ የሞተ እንቀብራለን አላት። ስንት ናችሁ አለችው። ሁለት መቶ አሥራ አራት። ከእነዚህ ውስጥ ነው አርባ ሁለቱ? አዎ፣ ሁሉም አባል ናቸው። ጻፈች፣ ጠበቀች፣ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«ተቆጥሯል አባባ። ነገ ጠዋት ክሊኒክ ይዘዋት ይሂዱ።»

እንድሪስ ከዚያ ቤት ሲወጣ ጉልበቱ እንደ ወጣት ነበር። ደብተሩን አስቀርተውበታል፤ ግድ አልሰጠውም።

በማግሥቱ ሰዓዳን በቅሬው ቃሬዛ አደረጓት፤ አራት ሰው ተሸከማት፣ ገብረየስ ጥላ ያዘላት። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ሰው ተሰብስቦ ሰሌዳውን ያያል። እንድሪስ ማቅለሚያን ፈለገ። ማቅለሚያ ዜሮ ነጥብ ዜሮ። ወደ ታች ወረደ። ከልዩ ልዩ በታች ትናንት ያልነበረ መስመር አለ፣ በቀይ።

ቅሬ። አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት።

ምን ማለት እንደሆነ ከመካከላቸው የገባው የለም። ስሕተት ነው ተባብለው ቃሬዛውን አንሥተው ቀጠሉ።

የክሊኒኩ ዘበኛ ትሑት ሰው ነው። የሰዓዳን አምባር በመስታወቱ አይቶ አነበበላቸው። አሠሪ፤ ቅሬ። ሕክምና፤ በአሠሪው። እንድሪስ ልጄ ማቅለሚያ ነው የቆሰለችው፣ ደብተሩ ላይ ተጽፏል አለ። ዘበኛው የሚያውቀውን ያህል አስረዳው። ጉዳት ያስመዘገበ ማኅተም የጉዳቱ ባለቤት ነው። ማቅለሚያ ቤቱ በማኅተሙ ያስመዘገበው ጉዳት የለም፤ ቅሬው ግን አርባ ሁለት አስመዝግቧል። በአገሩ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ሰው የሚጎዳበት ሥራ ቅሬ ሆኖ ተገኝቷል። አሠሪው ማነው? ዳኛው ናቸው ይላል። እርስዎ ነዎት? አለው።

በመስኮቱ አሥራ ሁለቱ አልጋ ይታያል። አንሶላቸው ተወጥሮ ተነጥፏል። አንድም ሰው አልተኛባቸውም። ሰዓዳ ከቃሬዛው ላይ አንገቷን አዙራ ታያቸው ነበር።

ሲመለሱ የቅሬው ዕቃ ቤት ታሽጓል። በሩ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የተላከ አንድ ጎልማሳ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ እሱም ትሑት ነው። መጠየቅ፣ መሸከም፣ ድንኳን መትከል፣ መቅበር ለሠራተኛው አደገኛ ሆኖ ስለተገኘ ቁጥሩ እስኪወርድ ታግዷል አላቸው። ገብረየስ እንዴት ነው የሚወርደው አለው። ጎልማሳው ዓመት ሙሉ አዲስ በሽተኛ ካልጠየቃችሁ ይወርዳል አለው። ከዚያ ይቅርታ ጠይቆ፣ ቃሬዛውም የቅሬው ዕቃ ስለሆነ ተቀበላቸው። ሰዓዳን እንድሪስ አዘላት። ልጅ ሆና ካዘላት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ ያኔም ከዚህ ትከብድ ነበር።

ሁለት ቀን ቆየች። በሦስተኛው ከቀትር በፊት ዐረፈች።

ውኃው አልተቋረጠም፤ ማቅለሚያ ዜሮ ነውና። ገላዋን ያጠቡት በዚያው ውኃ ነው።

ማንም እንዳይመጣ ታግዷል። እንድሪስ በሩ ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ነበር። መጀመሪያ የመጣችው ዘነቡ ናት፤ ከአራስ ቤት ወጥታ፣ መንታዎቹን በአንድ ነጠላ አቅፋ። ወንፊት ልዋስ ነው አለችና ገብታ ተቀመጠች። ቀጥሎ አንዱ መጥረቢያ ሊመልስ መጣ፤ ተውሶ አያውቅም። አንዷ ዶሮዬ ወደዚህ አልመጣችም ወይ አለች። አንዱ ጨው። አንዱ መርፌ። እያንዳንዱ ሰበቡን በሩ ላይ ይናገራል፣ ይገባል፣ ይቀመጣል። ድንኳኑ ታሽጓልና ሴቶቹ የአልጋ አንሶላ አያይዘው ከዛፍ ዛፍ ወጠሩ። አካፋ የለም፤ መቃብሩን የቆፈሩት በየጓሯቸው መኮትኮቻ ነው። ሼሁ ሰገዱባት፤ ቄሱ ከኋላ ጥላቸውን አጥፈው ቆሙ፣ መንገዴ ነው ብለው።

ከቀብር ሲመለሱ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ከአንሶላው ጥላ ሥር ወንዱም ሴቱም ተቀምጧል። ገብረየስ ከኮቱ ውስጥ ከልጅ ልጁ የወሰደውን የተማሪ ደብተር አወጣ፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ አለበት። ማኅተም የለውም። ማንም ከቁም ነገር የሚቆጥረው ደብተር አይደለም። ብዕሩን ከፍቶ ባልንጀራውን አየው።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

እንድሪስ ቀና አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ያቺን ቃል ይናገርበት የነበረው ድምፅ ነው።

«ሰዓዳ እንድሪስ። ማቅለሚያ ቤት፣ ሦስተኛ ጋን፣ እንፋሎት» አለ። «ጣቷን የጠረግሁላት እኔ ነኝ፤ እሱንም ጻፈው።»

ገብረየስ ጻፈው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ተናግሮ ራሱ ጻፈ፤ ታምራት ገብረየስ፣ ማቅለሚያ ቤት፣ ዱቄት መጋዘን። ቀጥላ አንዲት ሴት ባሏን አለች። አንዱ ወንድሙን። አንዱ፣ በሕይወት ያለ ነው፣ ራሱን አለ፣ እያሳለ። ልቅሶ አልነበረም፤ ተራ እየጠበቁ ነበር የሚናገሩት። አርባ ሁለተኛው ሲጻፍ ድልድዩ ላይ ያለው ሰሌዳ በራ። ያየው የለም።

ፀሐይ ጠለቀች። የሁሉም ስም እዚያች ደብተር ላይ አደረ።